በኦቦ ደቻሳ ግቢ የቀረው የብረት ጋሪ

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ አትክልት፣ ቢቸና፤

እንዴት ነሽ እናትዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ቁልቁለት ስወርድ ይይዘኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ጠበሉን ትተሽ በቅቤ እያሸሽው ነው? ላሚቱ ወለደች? የቤቱ ክዳን ከክረምት በፊት ይታደሳል ብላችሁኝ ነበር፤ ታደሰ ወይ? ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ የምጠይቅሽ መልሱ እስኪመጣ መታገሥ ስለማልችል ነው። ልጅሽን ታውቂዋለሽ፤ ቀኑ ሳይሞላ ቸኩሎ የተወለደ እያልሽ ስታሚኝ የኖርሽው አንቺው ነሽ።

እኔ ደህና ነኝ። ሰበታም ደህና ናት፤ ውሃዋም ነፋሷም ተስማምቶኛል። ከሐሳብ በቀር የጎደለብኝ የለም፣ ሐሳቡ ግን ሞልቶ ተርፎኛል። አንድ ነገር አላስቀምጥ አላስቆም ብሎኝ ሰንብቷል፤ ይህን ደብዳቤም የምጽፈው በዚያው ነገር ምክንያት ነው። ጌታቸው፣ አንተ የእህቴ ባል፣ አስተማሪ ነህና ደብዳቤ ስታነብ ፍሬ ነገሩን ብቻ ነግረህ ቀሪውን ማጠፍ ትወዳለህ አሉ። ይህን ግን አንዲት ቃል ሳትዘል አንብብላት። መጨረሻው ላይ እናቴን የምለምናት ነገር አለ፤ ከሥሩ ካልሰማችው አይገባትም።

እናቴ፣ አትደንግጪብኝ። ሽማግሌ ልኬአለሁ። ልጅቱ ተረፈች ትባላለች፣ የኦቦ ደቻሳ ልጅ ናት። ኦቦ ማለት እዚህ አቶ እንደማለት ነው። ኦቦ ደቻሳ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ እዚሁ ከወንዙ ማዶ የሚያርሱ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ የማይውሉ፣ አማርኛውም ኦሮምኛውም እኩል የሚፈስላቸው ጨዋ ሰው ናቸው። አንቺ እዚያ ያሰብሽልኝ ልጅ እንዳለች አውቃለሁ፤ ክፉ የሚወጣላት ልጅም አይደለችም። ነገር ግን ልቤ እዚህ ገብቷል፤ ምን ላድርግ? ተረፈች በሳምንት ሁለት ጊዜ እንቁላል ይዛ ወደምሠራበት ሱቅ ትመጣለች። መጀመሪያ ያናገረችኝ ቀን ‘አንተ ሰው፣ ቁጭ ብለህ ታውቃለህ?’ ብላ ነው። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ የሚባለውን ነገር ጨርሶ ረስቼዋለሁ።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በግማሽ ወረቀት ጽፌ ‘መርቂኝ’ ብዬ እጨርስ ነበር። ግን በእኔና በልጅቱ መካከል አንድ የብረት ጋሪ ገባ። አትሳቂ። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

የምሠራው ሙሴ ኮስታ የሚባል ግሪክ በጅማ መንገድ አስፋልት ዳር በከፈተው ሱቅ ነው። ሱቅ ስልሽ እንደ ቢቸናው ባለሱቁ ከባንኮኒ ኋላ ቆሞ ‘ምን ልስጥህ’ የሚልበት አይምሰልሽ። ሰው ራሱ ገብቶ፣ የፈለገውን ከመደርደሪያ ራሱ እያነሳ በጋሪ ጨምሮ፣ ሲወጣ በሩ ላይ ይከፍላል። ጋሪ ስልሽም ፈረስ የሚስበው አይደለም። ከሽቦ የተሠራ ትልቅ ቅርጫት አስቢ፤ ከሥሩ አራት ትንንሽ ጎማዎች፣ ከኋላው መግፊያ አለው። ሙሴ ከባሕር ማዶ በመርከብ ነው ያስመጣቸው። በፋብሪካዎቹ የሚሠሩ ፈረንጆችና እሑድ እሑድ ከአዲስ አበባ ለሽርሽር የሚወጡ ባለመኪናዎች ይገበዩበታል፤ ያገሩም ሰው እየለመደው ነው።

የእኔ ሥራ ውጭ፣ መኪና የሚቆምበት ሜዳ ላይ ነው። ሙሴ ያወጣው ደንብ ቀላል ነው፤ ዕቃህን መኪናህ ላይ ከጫንህ በኋላ ጋሪውን ገፍተህ ግድግዳው ሥር ከጓደኞቹ ጋር ታሰልፋለህ፣ ትሄዳለህ። በቃ። ግን እናቴ፣ ይህን ቀላል ነገር የሚያደርግ ሰው ማግኘት ዝናብ በየካቲት እንደመጠበቅ ነው። ትልልቆቹ እመቤቶች የመኪናው በር ከተዘጋበት ቦታ ላይ ትተውት ይሄዳሉ፤ ጋሪ መመለስ የአሽከር ሥራ ነው ባዮች ናቸው። ሾፌሮቻቸው ደግሞ ‘እኔ ሾፌር እንጂ ተሸካሚ አይደለሁም’ ይላሉ። ነጋዴዎቹ እስከ መንገዱ አጋማሽ ይገፉትና ሰው ያየናል ብለው እዚያው ይለቁታል። የፈረንጆቹ ሚስቶች ግን ራሳቸው ገፍተው ቦታው ያደርሱታል፤ ያገሬው ሰው ያንን እያየ ‘ምስኪን፣ ሠራተኛ የላትም’ ብሎ ያዝንላቸዋል። እኔ ከዚህ ሜዳ ላይ ቆሜ ሰውን ማወቅ ጀምሬአለሁ። ማንም በማያዘው፣ ማንም በማያመሰግነው ነገር ላይ ነው የሰው ጠባዩ የሚወጣ።

ቆይ እናቴ፣ አንዱ ጋሪውን መግቢያው ላይ ገትሮት ሄደ። ልመልሰውና ልምጣ።

መጣሁ። የት ላይ ነበርሁ? አዎ። ጥምቀት እንዳለፈ ሦስት ሽማግሎች ወደ ኦቦ ደቻሳ ላክሁ። መሪያቸው የቡራዩው ኦቦ መገርሳ ናቸው፤ አንደበታቸው የተባረከ፣ የኦቦ ደቻሳም የልጅነት ጓደኛ። ኦቦ ደቻሳ እንደ ወጉ ‘እንማከር፣ ቀን ስጡን’ ብለው መለሷቸው። ይህ መልካም መልስ ነው፤ ወዲያው እሺ የሚል አባት ልጁን እንደ ሸክም የቆጠረ ነው ይባላል። እኔም እጠብቅ ጀመር። እኔና መጠበቅ!

ከዚያ በአስተርዮ ማርያም ዋዜማ የልጅቱ እናት አዴ ወርቅቱ፣ አዴ እዚህ እመት እንደማለት ነው፣ ሱቅ መጡ። የማኅበር ዝክር ተራቸው ደርሶ ኖሮ ስኳሩን፣ ጨውን፣ ላምባውን፣ ሳሙናውን ገዝተው ጋሪው ሙሉ ሆነ። አህያ አላመጡም። እኔ ምን አልሁ መሰለሽ? ‘አንቱ ይህን ተሸክመው? እኔ እያለሁ?’ አልሁና ጋሪውን ያዝሁት። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ፊታቸው መልካም መስዬ ልታይ ብዬ ከውስጥ አንድ ቀይ አበባ ያለበት ሻሽ ገዛሁና ‘ለበዓሉ’ ብዬ ከሁሉ በላይ አኖርሁት። ከዚያ መግፋት። አስፋልቱ ላይ እንደ ቅቤ ሄደልኝ፤ ከአስፋልቱ ስንወርድ ግን እነዚያ ትንንሽ ጎማዎች በየድንጋዩ እየተቀረቀሩ አንዴ ስገፋ አንዴ ስሸከም፣ የከተማው ሰው ሁሉ በሩ ላይ ወጥቶ እያየኝ፣ ላቤ ጠብ እያለ ከኦቦ ደቻሳ ደጅ ደረስሁ።

እኔ ያሰብሁት ዕቃውን አውርጄ ጋሪውን ይዤ ልመለስ ነበር። ግን ግቢው ለዝክሩ በመጡ ሴቶች ሞልቷል። ሽማግሌ የላከው ልጅ፣ ጢም ያለ የብረት ጋሪ እየገፋ፣ ከላዩ ሻሽ አድርጎ በራሱ እጅ ሲገባ ባዩ ጊዜ እልልታውን አቀለጡት! ስኳሩና ሳሙናው በአዴ ወርቅቱ ገንዘብ የተገዛ መሆኑን የምናውቅ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። እሳቸው በእንግዶቻቸው ፊት ምን ይበሉ? ኦቦ ደቻሳ ወጥተው ጋሪውን ዙሪያውን ዞረው አዩት፤ መግፊያውን ዳበሱት፤ ጎማውን በጣታቸው አሽከረከሩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝና ‘ከጥላ ሥር አድርጉት፣ ፀሐይ እንዳይነካው’ ብለው አዘዙ። እናቴ፣ አንቺ ብትሆኚ ከዚያ ሁሉ እልልታና ምርቃት በኋላ ‘ይቅርታ፣ ቅርጫቱ የሙሴ ነው’ ብለሽ ገልብጠሽ ትወስጂው ነበር? እኔ አልቻልሁም። ጠላዬን ጠጥቼ እጄን አወዛውዤ ተመለስሁ።

ሙሴ ኮስታ ሱቁን ሲዘጋ ጋሪዎቹን ይቆጥራል። አንድ ጎደለ። ‘የት አለ?’ አለኝ። ‘ይመጣል’ አልሁ። በማግሥቱም ‘የት አለ?’ አለ፤ ‘እየመጣ ነው’ አልሁ። ሙሴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ከቦታው ሲነሳበት እንደ ጥርስ ሕመም ይይዘዋል። ‘ከደመወዜ ቁረጥ’ ብለው ‘እኔ ገንዘብ መቼ ጠየቅሁህ? ጋሪ ነው የጠየቅሁህ! አንዱ ከሄደ ነገ ሁሉም ይሄዳል’ ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው።

ስለዚህ ልጠይቅ ሄድሁ። መንገዱን ሙሉ ምን እንደምል እየተለማመድሁ። ግቢው ስገባ ጋሪው ታጥቦ፣ ላዩ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎበት፣ ከቤቱ ጥላ ሥር እንደ እንግዳ ተቀምጧል። ኦቦ ደቻሳ ጎረቤት ጠርተው ‘ይህን ያመጣው ይህ ልጅ ነው’ እያሉ ያሳያሉ። ምን እላለሁ? ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬው ተጨዋውተን፣ የቀረበልኝን በልቼ ወጣሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ሄድሁ፤ ያው ሆነ። ተረፈች በማግሥቱ እንቁላል ይዛ ስትመጣ ‘ምን ሆነህ ነው አባቴ ቤት መጥተህ ጋሪውን እንደ በሽተኛ የምትጠይቀው?’ ብላ ሳቀችብኝ። ‘ምንም’ አልኋት።

ምክር ቢገኝ ብዬ በአዲስ አበባ ዞሬ ቡራዩ ኦቦ መገርሳ ዘንድ ወረድሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ሽማግሌው ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸውን ጠርገው ደግሞ ሳቁ። ቀጥለው ግን ፊታቸው ጠቆረ። ‘ልጄ’ አሉኝ፣ ‘ይህ ነገር በሁለት በኩል ስለት ነው። አንተ ከጠየቅህ ሽማግሌህን መልሰህ እንደመጥራት ነው፤ የሰጠውን መልሶ የሚወስድ ሰው ልጅ አይሰጠውም። ደቻሳ ደግሞ በራሱ መልሶ ከላከው እንቢ ማለቱ ነው፤ ከጠያቂ እጅ የገባ ዕቃ ከግቢው ከወጣ ነገሩ ፈርሷል። እኔም ተመልሼ አፌን መክፈት አልችልም።’ ‘ታዲያ ምን ላድርግ?’ አልኋቸው። ‘ለሙሴ ሌላ ጋሪ ግዛለት’ አሉኝ። መርከብ ያመጣውን ከየት አባቴ እገዛለሁ?

እነሆ እናቴ፣ ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደሰነበትሁ እግዚአብሔር ይወቀው። ጋሪው ቢመለስ ልጅቱን አጣለሁ፣ ባይመለስ እንጀራዬን አጣለሁ። ከሜዳው ወደ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ወደ ሜዳው ስመላለስ የሚያየኝ ሁሉ ዕቃ የጠፋብኝ እየመሰለው ‘ምን ልፈልግልህ?’ ይለኛል። ጠባዬም ከፋ። አንድ እሑድ ከአዲስ አበባ የመጡ እመቤት ጋሪያቸውን እንደ ልማዳቸው ትተው መኪናቸው ሊገቡ ሲሉ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ‘እመቤቴ፣ የሰው ዕቃ ቦታው ይመለሳል’ አልኋቸው። ሾፌራቸው ሊመታኝ ወረደ። እሳቸው ግን ተገርመው አዩኝ፣ ጋሪውን ያዙና በዚያ በባለ ተረከዝ ጫማቸው ቋ ቋ እያሉ ገፍተው ከተራው አስገቡት። ሲመለሱ ‘ደስ ይላል እኮ’ አሉ። ሙሴ ግን ‘ደንበኛዬን ልታባርር ነው’ ብሎ ይባስ ተቆጣኝ፤ የዚያን ዕለት ነው ‘እስከ ቅዳሜ ጋሪው ካልመጣ ፖሊስ ይዤ በየቤቱ እፈልጋለሁ፤ አንተም ትወጣለህ’ ያለኝ።

ፖሊስ! እንጀራዬ ይቅር፤ ግን ፖሊስ በኦቦ ደቻሳ ግቢ ገብቶ፣ ያ ሁሉ እልልታ በተሰማበት ቦታ፣ ነጩን ጨርቅ ገፍፎ የሌባ ዕቃ እንደሚያዝ አድርጎ ሲይዘው አስቢው። ለአዛውንት ከዚህ የሚከፋ ሞት የለም። ስለዚህ ቆረጥሁ። ልጅቱ ብትቀርም ትቅር፤ ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ አልሁ።

ይቅርታ እናቴ፣ ደግሞ ተጠራሁ። ሁለት ጋሪ መንገድ ዳር ተገትሯል።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣሁ። ወንዙ ጋ ሳልደርስ፣ ከአስፋልቱ መገንጠያ ላይ የማውቀው የጎማ ጩኸት ሰማሁ። ቀና ስል ኦቦ ደቻሳ ናቸው። የበዓል ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጭራቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ጋሪውን በሁለት እጃቸው እየገፉ ይመጣሉ። ከኋላቸው ተረፈች አንገቷን ደፍታ ትከተላለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው። ጋሪው ከግቢያቸው ወጣ፤ በቃ፣ ፈረሰ አልሁ። እሳቸው ሰላምታም አልሰጡኝ፣ ቁጣም አላሳዩኝ፤ አለፉኝ። ተረፈችም ቀና ብላ አላየችኝ። ከኋላቸው እንደ ቀብር ተከታይ ሄድሁ።

ሜዳው ላይ ደረሱ። ሱቅ የሚገባ የሚወጣው ሁሉ ቆሞ ያያል። ኦቦ ደቻሳ ጋሪውን ወደ ግድግዳው ወሰዱት፣ ከተሰለፉት ጋር አስተያዩት፣ ትንሽ ዘመም ያለውን በጉልበታቸው ገፋ አድርገው አቃኑት። እናቴ፣ ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ ካገሬው ሰው ማንም ሳያዘው ጋሪ ከቦታው ያደረሰ እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። ሙሴ ኮስታ ከውስጥ ሲሮጥ መጣ። ‘አካም ቡልተን ሙሴ፣ እንዴት አደሩ?’ አሉት፤ ከጋሪው ውስጥ አንድ ቅል ማርና እቅፍ ሙሉ ጎመን አውጥተው አስታቀፉት። ሙሴ ግራ ገባው። ‘ይህን እኔ አላዘዝሁም’ አለ። ‘ዕቃ ባዶውን አይመለስም’ አሉት ኦቦ ደቻሳ፤ ‘ያንተ ነው፤ ሳላውቅ አስቀምጬብህ ነበር፤ ብላበት።’ ሙሴ ፖሊሱንም ቁጣውንም ረሳ፤ ማሩን ይዞ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ‘ዓባይነህ’ አሉኝ፤ ‘ይህ ሙሴ ስለ ፖሊስ ሲጮህ ተረፈች እንቁላሏን ይዛ መጥታ ሰምታ ነው የነገረችኝ። እኔ ከልጄ አፍ መስማት ነበረብኝ? ሁለት ጊዜ ቤቴ መጥተህ እንጀራዬን በልተህ ስለ በሬ አወራኸኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል ያንተው አገር ሰው፤ የሰው ብረት ታዲያ ለእኔ ምን ሊሆነኝ ኖሯል?’ መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። ‘አፍሬ ነው አባቴ’ አልሁ። ‘እልልታው አሳፍሮኝ።’ ከዚያ ‘ሻሹስ? እሱም የሙሴ ነው?’ አሉኝ። ‘የለም፣ እሱ የራሴ ነው’ አልሁ። ‘እንዲያ ከሆነ እሱ ቤት ነው፤ ወርቅቱ ዛሬ ጠዋት አስራዋለች፤ እሱ አይመለስም’ አሉ። ተረፈች ያኔ ነው ቀና ያለችው።

እልል ልል ነበር። ነገር ግን እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። እስካሁን የጻፍሁልሽ ሁሉ ለዚህች ቃል ነውና እናትዬ፣ ደህና አድርገሽ ስሚኝ። እንዲህ አሉኝ፤ ‘የላክሃቸው ሽማግሎች ሦስቱም የእኔው አገር ሰዎች ናቸው። መገርሳ ከእኔ ጋር ከብት አግዷል። እነሱ ላንተ ሲለምኑኝ እኔው ራሴን የለመንሁ ይመስለኛል። ካንተ ወገን ማን አለ? አባትህ አልፈዋል ብለሃል፣ ነፍሳቸውን ይማር። እናትህ አሉ። እናትህ የእኔን ልጅ መጠየቅህን ያውቃሉ?’

እውነቱ ይህ ነው፤ አልነገርሁሽም። ‘አትቀበልልኝም’ ብዬ ፈራሁ፤ ዛሬ ልጻፍ፣ ነገ ልጻፍ ስል ጥምቀቱም አለፈ፣ ጾሙም ገባ። አንገቴን ስደፋ ገባቸው። አልተቆጡኝም፤ መቆጣቱ በተሻለኝ። ‘ልጄ ተረፈች’ አሉኝ፣ ‘ባለቤቱ ሳያውቅ ተወስዶ ኋላ በሰው ፊት እንደሚመለስ ዕቃ አይደለችም። እናትህ ይምጡ፤ በዓይናቸው ይዩዋት፤ በአፋቸው ይጠይቁኝ። ያን ቀን እሺ እላለሁ። ከፋሲካ በኋላ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ካልመጡ ግን ሻሹን ራሴ አምጥቼ እመልስልሃለሁ።’ ይህን ብለው በመጡበት ሄዱ። የሚያደርጉትን እንጂ የማያደርጉትን የሚናገሩ ሰው አይደሉም።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው እናቴ፤ ነይልኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከአገርሽ ወጥተሽ እንደማታውቂ፣ የዓባይን በረሃ ስታስቢው ብቻ ልብሽ እንደሚወርድ አውቃለሁ። ለዚያች ለጎረቤታችን ልጅ ቤተሰቦችም ቃል ሰጥተሽ ከሆነ ‘ልጄ ሳይነግረኝ ቀደመኝ’ በያቸው፤ ስድቡን እኔ እሸከማለሁ። አውቶቡሱ ከደጀን ወርዶ ዓባይን ይሻገራል፣ ጎሐ ጽዮንን ይወጣል፣ በፍቼ አልፎ ሱሉልታ ይደርሳል። እስከ አዲስ አበባ ግርግር ድረስ አትምጪ፤ እኔ ሱሉልታ ላይ፣ ሜዳው ከሚጀምርበት ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ጉልበትሽ ካመመሽ በጀርባዬ አዝልሻለሁ። ቀኑን በጌታቸው እጅ ጻፊልኝ፤ ባትጽፊልኝም ከትንሣኤ ማግሥት ጀምሬ የሚያልፈውን አውቶቡስ ሁሉ እየተመለከትሁ እዚያ አለሁ።

ልጅቱን ሳታዪያት አትፍረጅባት። ቀይ ናት አልልሽ፣ ጥቁር ናት አልልሽ፤ ስትስቅ ግን ያለሁበትን እረሳለሁ። በዚያ ቅዳሜ ከአባቷ ጋር ስትመለስ አንዴ ዞር ብላ ‘አሁንስ ትቀመጣለህ?’ አለችኝ። አልቀመጥሁም እናቴ። እስክትመጪ የምቀመጥም አይመስለኝም። ስለ ሥራዬ አታስቢ፤ ሙሴ ማሩን ቀምሶ ታርቆኛል፤ ‘ጋሪ ከአስፋልቱ ካለፈ አንተን ነው የማስርበት’ ብሎ ብቻ ተወኝ። ሰዉም ከዚያ ወዲህ ትንሽ ተሻሽሏል፤ ‘ደቻሳ በበዓል ጋቢው የመለሰውን እኔ ምን ቤት ነኝና እተዋለሁ’ የሚል እየመጣ ነው።

እህቴን ማሪቱን በጣም ሳሚልኝ፤ ደጋግማ ‘አንተ መቼ ነው የምታገባው’ ስትለኝ የነበረችው እሷ ናትና አሁን አንቺን አሳፍራ በማምጣት ትካሰኝ። ጌታቸው፣ ሳትዘል ካነበብህ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ከዘለልህ ደግሞ ተመለስና ከዘለልህበት አንብብ። አጎቴን አለቃ ዳኜን እጃቸውን ሳሚልኝ፣ በጸሎታቸው እንዳይረሱኝ። ለልጆቹ ለእያንዳንዳቸው በስማቸው እየጠራሽ ሰላም በይልኝ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ፣ ቂም የያዘብኝም ካለ እሱን ጨምሮ፣ እንዴት ነህ እንዴት ነሽ በይልኝ።

ኦቦ ደቻሳና አዴ ወርቅቱ በአክብሮት ሰላም ይሉሻል። ተረፈችም ሰላም ብላሻለች። ትናንት ‘እናትህ ምን ይወዳሉ? ሲመጡ ምን ላዘጋጅላቸው?’ ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ አሰብሁ። ጥሩ ጥሩውን ሁሉ ለእኛ ስትሰጪ እንጂ አንቺ ስትበዪ አይቼሽ ስለማላውቅ የምመልስላት አጣሁ። መጥተሽ ራስሽ ንገሪያት።

ልጅሽ ዓባይነህ

ሰበታ፣ የካቲት 22 ቀን 1964 ዓ.ም.